የዓውደ ጥናት ጨዋነት

በሚመጣው የዕረፍት ሳምንት የሳይንስ ተማሪዎች ከልዩ ልዩ ቦታ ከሚመጡ እንግዶች ጋር የሚያደርጉት ዓውደ ጥናት አለ። በዚያ ላይ ስለሚጠበቀው ጠባይ አንድ የጽሑፍ ደንብ እንዲወጣ ጥቂት እኅቶቻችን ለማኅበሩ ማመልከቻ አቅርበዋል። ማመልከቻው ለውይይት በቀረበ ጊዜ የተሰማው አስተያየት ሁለት ዐይነት ነበር። አንዱ ወገን ነገሩ የሚያከራክር እንኳ አይደለም ብሎ ወዲያው ደገፈው። ሁለተኛው ወገን ግን፣ የተማሩ ሰዎች በሚሰበሰቡበት አዳራሽ በር ላይ ‹‹ሰው አትንኩ፤ ሰው አትስደቡ›› ብሎ መለጠፍ ተሰብሳቢውን እንደ ባለጌ መቁጠር ነው፤ ጨዋነት ከቤት ይዘውት የሚመጡት ነገር እንጂ በማባዣ መኪና ተባዝቶ የሚታደል አይደለም ሲል ተቃወመ።

ይህን ሁለተኛውን አስተያየት ከያዙት መካከል የምናከብራቸው መምህራን ስላሉበት፣ አስተያየቱም ከክፋት የመጣ ስላልሆነ፣ በግልምጫ ሳይሆን በምክንያት መልስ ሊሰጠው ይገባል። የዚህ ጋዜጣ አዘጋጆች ደንቡ መውጣት አለበት ብለን እናምናለን። ከዚያም አልፈን፣ ደንቡ ብቻ ወጥቶ አቤቱታ የሚቀበለው ሰው በስሙ ካልታወቀ ወረቀቱ ባይባዛ ይሻላል እንላለን።

በመጀመሪያ ዓውደ ጥናት ከመደበኛው ትምህርት በምን እንደሚለይ እናስብ። በክፍል ውስጥ አስተማሪው ይታወቃል፤ ተማሪው ይታወቃል፤ ከአስተማሪው በላይ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ፣ ከእርሱም በላይ ዲኑ አለ። ሰዓቱ ሲያበቃ ሁሉም ወደየፊናው ይሄዳል። ዓውደ ጥናት ግን እንዲህ አይደለም። በግቢ ውስጥ የሚደረግ ቢኖርም ብዙውን ጊዜ ቢሾፍቱ ወይም አዳማ ወይም ሐዋሳ ሆቴል ተይዞ ነው። ከአራት ከአምስት ተቋም የመጡ ሰዎች ሦስት ቀን አብረው ይሰነብታሉ፤ አብረው ይበላሉ፤ በአንድ መኪና ይሳፈራሉ፤ ማታም ሐይቅ ዳር ተቀምጠው ይጫወታሉ። በእውነቱ የዓውደ ጥናት ጥቅሙ ግማሹ ያለው ከአዳራሹ ውጭ ነው። አንድ ተማሪ የላቦራቶሪ ቦታ የሚለምነው፣ የውጭ አገር የትምህርት ዕድል መኖሩን የሚሰማው፣ ወደ ፊት የድጋፍ ደብዳቤ ከሚጽፍለት ሰው ጋር የሚተዋወቀው በሻይ ሰዓትና በእራት ገበታ ላይ ነው።

እንግዲህ ችግሩም ያለው እዚያው ላይ ነው። ደብዳቤውን የሚጽፈው ሰውና ደብዳቤው የሚያስፈልጋት ተማሪ በአንድ ገበታ ይቀመጣሉ። በመካከላቸው ዲን የለም፤ ሬጅስትራር የለም፤ የሆቴሉ ዘበኛም ጉዳዩ አይደለም። ሰውየው ከሌላ ተቋም የመጣ እንደ ሆነ ለአለቃው ማመልከቻ የሚደርስበት መንገድ አይታወቅም፤ አዘጋጁ ደግሞ ‹‹የእኛ ሠራተኛ አይደለም›› ይላል። ሦስቱ ቀን ሲያልፍ ሁሉም ይበተናል፤ አበሉም ተፈርሞ ይወሰዳል። ተማሪዋ በሚቀጥለው ዓመት ወደዚያ ስብሰባ ላለመሄድ ሰበብ ትፈልጋለች፤ ሰበብ ደግሞ አታጣም። ለምን እንደ ቀረች የሚጠይቃትም የለም።

ትንኮሳ ስንል ምን ማለታችን እንደ ሆነ ግልጽ ይሁን፤ ቃሉ በተነሣ ቁጥር ለብዙ ሰው የሚታየው ከሁሉ የከፋው ብቻ ነውና። የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ፣ የምሕንድስናና የሕክምና አካዳሚዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት ሰፊ ዘገባ ነገሩን በሦስት ከፍለውታል። አንደኛው፣ ጥቅም እሰጣለሁ ወይም እከለክላለሁ በማለት ለግብረ ሥጋ ማስገደድ ነው። ሁለተኛው፣ ያልተፈለገ የፍቅር ጥያቄ፣ መነካካትና የመሳሰለው ነው። ሦስተኛው በጾታ ምክንያት ማንቋሸሽ ነው፤ ይኸውም ሴት ለዚህ ሥራ አልተፈጠረችም የሚል ቀልድ፣ ሽሙጥና ንቀት ነው። ከሦስቱ ይልቅ የበዛው ይህ የመጨረሻው መሆኑን ዘገባው ያስረዳል። ደግሞም ትንኮሳ በአንድ ቦታ ሊደርስ መቻሉን ከሁሉ ይበልጥ አስቀድሞ የሚያመለክተው የተቋሙ አየር ነው ይላል፤ ማለት፣ ያመለከተ ሰው ይሰማል ወይ? ያጠፋ ሰው ይቀጣል ወይ? የሚለው ነው። ጨዋነት ከቤት ይመጣል ለሚሉት ወንድሞቻችን የምንሰጠው አንዱ መልስ ይህ ነው። ከቤት የመጣው ጨዋነት ተቆጣጣሪ ባለበት ቦታ ሲታይ፣ በሌለበት ቦታ ግን ሲጠፋ አይተናል።

ይህ ቀልድ የሚባለው ነገር ምን ያህል እንደሚጎዳ ለማሳየት፣ ከአዘጋጆቹ አንዱ ባለፈው ዓመት በአንድ ዓውደ ጥናት ላይ ተገኝቶ ያየውን እንጥቀስ። ስለ አፈር አሲዳማነት ያጠናችውን ልታቀርብ ተራዋ የደረሰ አንዲት የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነበረች። የስብሰባው መሪ ከእርሷ በፊት የቀረቡትን ሦስት ወንዶች እያንዳንዳቸውን ከነጥናታቸው ርእስ አስተዋወቀ። እርሷ ላይ ሲደርስ ግን፣ ‹‹አሁን ደግሞ እንቅልፋችንን የምታባርርልን ቆንጆ ልጅ መጥታለች›› አለ። አዳራሹ ሳቀ። ልጅቱም ፈገግ አለች፤ ምን ታድርግ? ሥራዋን ማስረዳት ከጀመረች በኋላ እንኳ ከኋላ የተቀመጡት ገና ይስቁ ነበር። ጥያቄ ሲፈቀድ የኖራውን መጠን እንዴት አድርጋ እንደ ወሰነች የጠየቃት አንድ ሰው አልነበረም። ‹‹አግብተሻል ወይ?›› ብሎ የጠየቀ ግን ነበር።

መሪው ክፉ ሰው አይደለም፤ እንዲያውም ለተማሪ የሚራራ ነው ይባላል። ነገር ግን የአንድ ክረምትና የአንድ በጋ ሥራ በእርሱ ቀልድ ምክንያት ሳይመረመር ቀረ። በሥራው ውስጥ ስሕተት ኖሮበት እንደ ሆነስ? ማን አረማት? ጥሩ ሥራ ከሆነስ ማን ተማረበት? ሰዎች የሚሰበሰቡት አንዱ የሌላውን ሥራ እንዲፈትን ከሆነ፣ ሥራው እንዳይፈተን ያደረገ ሰው የስብሰባውን ዓላማ አፍርሷል። ስለዚህ ነገሩን የሴቶች ጉዳይ ብቻ አድርጎ ማየት ስሕተት ይመስለናል።

ይህ ደግሞ የእኛ አገር ጉድለት ብቻ እንዳይመስለን፣ በጄኔቫ አጠገብ በሚገኘው በሰርን የደረሰውን እንመልከት። ሰርን እ.ኤ.አ. በ1954 የተመሠረተ፣ በፊዚክስ ምርምር ከዓለም ታላላቆች አንዱ የሆነ የአውሮጳ ድርጅት ነው። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2018 በዚያ ስለ ከፍተኛ ኃይል ፊዚክስና ስለ ጾታ አንድ ዓውደ ጥናት ተደረገ። ከተሳታፊዎቹ ብዙዎቹ በሙያው ገና ጀማሪ የሆኑ ሴቶች ነበሩ። አሌሳንድሮ ስትሩሚያ የተባሉት የፒሳ ዩኒቨርስቲ ፕሮፌሰር ወደ መድረኩ ወጥተው፣ ፊዚክስን የፈለሰፉትና የገነቡት ወንዶች ናቸው፤ ዛሬ አድልዎ የሚደረገው በወንዶች ላይ ነው ሲሉ ተናገሩ። ማስረጃ ይሆናል ያሉትንም የጽሑፍ ጥቅሶች ቁጥር በሰንጠረዥ አሳዩ። በዚያም ሳያበቁ፣ እርሳቸው ሳያገኙት የቀሩትን ሥራ ያገኘችውን ሴት ከራሳቸው ጋር እያነጻጸሩ አቀረቡ።

ሰርን ንግግሩ እጅግ የሚያስከፋና ለድርጅቱ የጠባይ ደንብ የማይስማማ መሆኑን ገለጠ። ግለሰብን የሚያጠቃ ነገር አለበት በማለትም የንግግሩን ሰሌዳዎች ከድረ ገጹ አነሣ፤ ጉዳዩ እስኪጣራ ድረስም ፕሮፌሰሩን አገደ። እ.ኤ.አ. በማርች 2019 ደግሞ የእንግዳ ፕሮፌሰርነታቸውን ጊዜ እንደማያራዝም አስታወቀ። ከሺህ የሚበልጡ የሙያው ሰዎችም የክርክራቸውን ጉድለት የሚያሳይ መግለጫ ፈርመው አወጡ።

ከዚህ ታሪክ የምንወስደው አንዱ ነገር፣ ድርጅቱ በጥቂት ቀን ውስጥ ውሳኔ ላይ ሊደርስ የቻለው ደንቡ አስቀድሞ ተጽፎ ስለ ነበረ መሆኑን ነው። ደንብ ባይኖር ኖሮ ነገሩ ማን ጮኸ፣ ማን ዝም አለ በሚል ጭቅጭቅ ይቀር ነበር። ሁለተኛው ግን ጠንቀቅ ብሎ መታየት ያለበት ነው። ከጓደኞቻችን አንዳንዶቹ፣ ‹‹ሰውየው አሃዝ ይዘው ቀረቡ፤ አሃዝ በአሃዝ ይመለሳል እንጂ ተናጋሪ ይታገዳል ወይ?›› ብለው ጠይቀዋል። ጥያቄው ተገቢ ነው። አሃዙ መልስ ሊሰጠው ይገባ ነበር፤ ተሰጥቶታልም። በእኛ አስተያየት መስመሩ የታለፈው ስለ ሥራ ቅጥር የነበራቸውን የግል ቅሬታ ወደ መድረክ አምጥተው፣ የሥራ ባልደረባን በተሰብሳቢው ፊት የክርክር መሣሪያ ያደረጉ ጊዜ ነው። ሐሳብን መውቀስ ይፈቀዳል፤ ይገባልም። እዚያ የተቀመጠችው ጀማሪ ግን ሐሳቧን ሳታቀርብ ገና፣ ‹‹አንቺ እዚህ የተገኘሽው በአድልዎ ነው›› የተባለች ያህል ነው።

ሌላም ማስረጃ አለ። እ.ኤ.አ. በ2014 ኬትሪን ክላንሲ የተባሉት የሥነ ሰብእ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው በመስክ ጥናት የሠሩ 666 ሰዎችን ጠይቀው ነበር። ከመቶው 64 ያህሉ ትንኮሳ እንደ ደረሰባቸው፣ ከመቶው ከ20 የሚበልጡት ደግሞ በአካላቸው ላይ ወሲባዊ ጥቃት እንደ ደረሰባቸው መለሱ። የመለሱት በፈቃዳቸው የቀረቡ ሰዎች ስለ ሆኑ ይህን ቁጥር እንዳለ ወስዶ ለዓለም ሁሉ ይሠራል ማለት አይቻልም፤ ስታቲስቲክስ የተማረ ሁሉ ይህን ያውቃል። ከቁጥሩ ይልቅ ልብ የሚነካው ሌላው ነው። ሴቶቹን የተነኮሱት ባብዛኛው በማዕረግ ከእነርሱ በላይ የሆኑ ሰዎች ሲሆኑ፣ ወንዶቹን የተነኮሱት ግን ይበልጡን እኩዮቻቸው ናቸው። ለማን ማመልከት እንደሚቻል ያወቁት ጥቂቶች ነበሩ፤ ካመለከቱትም አብዛኞቹ በውጤቱ አልረኩም። እንግዲህ አቤቱታ ተቀባይ በስሙ ይታወቅ ብለን አጥብቀን የምንናገረው ያለ ምክንያት አይደለም። የአሜሪካ ጂኦፊዚክስ ኅብረት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2017 የሥነ ምግባር ደንቡን ሲያሻሽል ትንኮሳን፣ አድልዎንና ማስፈራራትን የፈጠራ ውጤት ከመጻፍና የሰው ሥራ ከመስረቅ ጋር ቈጥሮ የሳይንስ ነውር ብሎታል። የሰው ጽሑፍ የገለበጠ ተማሪ ምን እንደሚደርስበት ሁላችንም እናውቃለን።

የአገራችን ሕግስ ምን ይላል? በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 625 አስተማሪነትን ወይም አሠሪነትን የመሰለ ሥልጣን መከታ አድርጎ ሴትን ለግብረ ሥጋ ወይም ለመሰል ድርጊት ያዋለ ሰው፣ ተበዳይዋ ስታመለክት፣ እንደሚቀጣ ይደነግጋል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ ለወሲባዊ ትንኮሳ ፍች ሰጥቶ በሥራ ቦታ ከልክሎታል። ሁለቱም መልካም ናቸው። ነገር ግን የመጀመሪያው የሚያገለግለው ነገሩ ወደ ወንጀል ከደረሰ በኋላ ነው፤ ሁለተኛው የተጻፈው ለአሠሪና ለሠራተኛ ነው። ለሦስት ቀን የመጣች ተማሪ የማንም ሠራተኛ አይደለችም። ያንን ክፍት ቦታ ሊሞላ የሚችለው አዘጋጁ ራሱ የሚያወጣው ደንብ ነው።

‹‹ይህ ነገር ከውጭ የመጣ ነው›› የሚለው ተቃውሞ ብዙ አያቆየንም። ሳይንሱም፣ ዓውደ ጥናቱም፣ አበሉም በዚሁ መንገድ ነው የመጣው፤ አበሉን ማንም ሲመልስ አላየንም። ይበልጥ የሚያስቸግረው ከውስጣችን ያለው ነው። አስተማሪን ማክበር የወረስነው መልካም ጠባይ ነው፤ ሊጠፋም አይገባም። ግን ይህ አክብሮት የሚቆምበት ቦታ ስላልተነገረን፣ አንድ ታላቅ ሰው እጁን በተማሪዋ ትከሻ ላይ ሲያሳርፍ እርሷም፣ አጠገቧ ያለነውም በይሉኝታ ተይዘን አንገታችንን እንደፋለን። ‹‹ዝም አይነቅዝም›› ይባላል። ዝምታው ያልነቀዘው ለማን እንደ ሆነ ግን ይጠየቅ። ለሰውየው ከሆነ በእርግጥ አልነቀዘም፤ በሚቀጥለው ዓመትም በክብር ይጋበዛል።

ስለ ሴቶች ይህን ያህል መናገራችን ሌላውን ረስተን አይደለም። በአነጋገር ዘዬው የሚቀለድበት፣ ከየት ክፍለ ሀገር እንደ መጣ ተጠይቆ መልሱ የሚያስቅበት፣ በሃይማኖቱ ወይም በአካል ጉዳቱ የሚሽሟጠጥበት ወንድም አለ። እንደዚሁም ጥያቄ ጠያቂ መስሎ ተነሥቶ ጀማሪውን በሕዝብ ፊት አራቁቶ የሚያስቀምጥ መምህር አለ። ይህ የመጨረሻው በአንዳንዶች ዘንድ የሊቅነት ምልክት ተደርጎ ስለሚታይ ደንቡ ውስጥ በግልጽ እንዲገባ እንፈልጋለን። ‹‹ናሙናህ ጥቂት ነው፤ መደምደሚያህ አይቆምም›› ማለት ከባድ ቢሆንም ሳይንስ ነው። ‹‹አንተን ማን እዚህ አመጣህ?›› ማለት ግን ምንም የሚያስተምረው ነገር የለም።

በሐሰት የሚከሰስ ቢኖርስ? የሚለውም ሊታለፍ አይገባም። የሰው ስም በወሬ መጥፋት የለበትም። ነገር ግን ዛሬ ያለው አሠራር ምንድን ነው? ደንብ ስለሌለ ነገሩ በመኝታ ቤትና በቴሌግራም በሹክሹክታ ይዞራል፤ የተወራበት ሰው ምን እንደ ተባለ አያውቅም፤ ቃሉን የሚሰጥበትም ቦታ የለም። ቃል በጽሑፍ የሚቀበል፣ ሁለቱንም ወገን ለየብቻ የሚሰማና ምሥጢር የሚጠብቅ ሰው መኖሩ ተበዳይን የሚረዳውን ያህል ያለ ጥፋቱ የተጠረጠረውንም ይረዳዋል።

እንግዲህ ማኅበሩ ለአዘጋጁ ኮሚቴ ያቀረበው ጥያቄ ይህ ነው። አቤቱታ የሚቀበሉ ሁለት ሰዎች ይሰየሙ፤ ቢያንስ አንዷ ሴት ትሁን፤ ሁለቱም ከስብሰባው መሪና ከገንዘብ ሰጪው ወገን ነጻ ይሁኑ፤ አንዳቸው ከሌላ ትምህርት ክፍል ይምጡ። ስማቸውና የስልክ ቁጥራቸው በደረት ላይ በሚንጠለጠለው የስም ካርድ ጀርባ ይታተም፤ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ብቻ ቢለጠፍ ሰው ሁሉ እያያት ቆማ የምትገለብጥ የለችም። ደንቡ በመክፈቻው ንግግር ላይ ጮክ ተብሎ ይነበብ፤ ከውጭ ለሚመጡ እንግዶችም ከግብዣው ደብዳቤ ጋር አብሮ ይላክ፤ አለዚያ ‹‹አልሰማሁም›› የሚል አይጠፋም። ሥልጣኑ በአዳራሹ ብቻ ሳይሆን በመኪናው፣ በእራቱ፣ በመኝታ ቤቱ ኮሪደርና ከስብሰባው በኋላ በሚላክ የስልክ መልእክት ላይም ይድረስ። ከተሳታፊዎች ዝርዝር ላይ የተማሪ ስልክ ወስዶ በሌሊት መጻፍ የሳይንስ ግንኙነት አይደለም። የሰው ፎቶግራፍም ሳይጠይቁ ማንሣት ይቅር።

ቅጣቱ ከማስጠንቀቂያ ጀምሮ ከስብሰባው እስከ ማስወጣትና ወደ ፊት እስካለመጋበዝ ይሁን፤ ለተጋባዥ ተናጋሪውም፣ ለአዘጋጁም፣ ለእኛ ለተማሪዎችም እኩል ይሥራ። ነገሩ ወንጀል ከሆነ ወደ ፖሊስ መሄድ አለመሄዱን የምትወስነው ተበዳይዋ ናት፤ መሄድ ከፈለገች ግን ከአቤቱታ ተቀባዮቹ አንዱ አብሯት ይሂድ። ከሁሉ በላይ፣ አመልክታለች ተብሎ የድጋፍ ደብዳቤ ወይም የላቦራቶሪ ቦታ የተከለከለች እንደ ሆነ ይህ ራሱን የቻለ ጥፋት ሆኖ ይቈጠር። ኮሚቴው እስካሁን የተቀበለን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ነጥቦች ነው። በዚህ በመጨረሻው ላይ ግን፣ የደብዳቤ ጉዳይ የመምህሩ የግል መብት ነው በማለት ገና አልተስማማም። መምህር ደብዳቤ እንዲጽፍ አይገደድም፤ ይህ እውነት ነው። እጽፋለሁ ብሎ ተስፋ ሰጥቶ አቤቱታው ከቀረበ በኋላ ሐሳቡን የለወጠ መምህር ግን ምክንያቱን ቢጠየቅ ምን ይጎዳዋል?

የደንቡ ረቂቅ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት በር ላይ ተለጥፏል። ተጨማሪ ቅጂዎችም በቤተ መጻሕፍቱ መግቢያ ይገኛሉ። መምህራኖቻችንም ሆኑ ተማሪዎች፣ በተለይም ደንቡን የሚቃወሙት፣ አስተያየታቸውን በጽሑፍ እስከሚመጣው ዓርብ ድረስ ለማኅበሩ ጸሐፊ ቢሰጡን በሚቀጥለው እትም ሳናሳጥር እናወጣዋለን። ስማቸው እንዳይወጣ የሚፈልጉም ይህንኑ ከላይ ይጻፉልን። ኮሚቴው የሚሰበሰበው ሰኞ ከቀትር በኋላ በ10 ሰዓት ነው፤ ስብሰባው ለተማሪ ክፍት መሆኑ ተነግሮናል።